የሻደይ ሣር፤ የሰቆጣ ጉዟችን ትዝታ

በአንድ ቤት ልቅሶ በገባ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ተነሥቶ ድንኳን ይተክላል፤ ዕድርተኛው ወንበሩንና ድስቱን ያቀርባል፤ ቀባሪውም ከመቃብር ተመልሶ እጁን ታጥቦ ንፍሮውን ቀምሶ ከኀዘንተኛው ጎን ይቀመጣል። እስከ ሣልስት ድረስ ኀዘንተኛው ለብቻው አያድርም። ከዚያ በኋላ ግን ድንኳኑ ይነቀላል፤ ሰውም ወደየሥራው ይመለሳል፤ ቤቱም ከባለቤቶቹ ጋር ይቀራል። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ስለምታውቅ ሰባቱን፣ ዐሥራ ሁለቱን፣ ሠላሳውን፣ አርባውን፣ ሰማንያውን፣ መንፈቁንና ሙት ዓመቱን ሠርታ የኀዘኑን መንገድ በምዕራፍ በምዕራፍ ከፍላ ሰጥታናለች። ከምዕራፍ እስከ ምዕራፍ ባለው በረሃ እንዴት እንደሚኬድ የሚያውቀው ግን ያለፈበት ሰው ነው።

እኛ ያለፍንበት በ2009 ዓ.ም. ነው። በጥር ወር፣ አስተርእዮ ማርያም ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጃችን ታማ ዐረፈች። በድቁና ያደግን፣ ቅኔ ቤት የሰነበትን፣ ኋላም በዘመናዊው ትምህርት ገፍተን በደብረ ብርሃን ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ብዙ ዓመት የቆምን ሰው ስለ ሆንን፣ በጎረቤት ልቅሶ በደረሰ ቁጥር የሟቹን የሕይወት ታሪክ የምንጽፈው፣ ግጥሙንም የምናነበው እኛ ነበርን። ለገዛ ልጃችን ግን አንድ ቃል እንኳ አልመጣልንም። የልጆቻችን እናትም ከቀብሩ ዕለት በኋላ እንባ እምቢ አላት። ወጡን ትሠራለች፤ ልብሱን ታጥባለች፤ ለጠየቃት ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ትመልሳለች፤ የልጂቱን ማበጠሪያ ግን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አላነሣችውም፤ ሌላ ሰው እንዲያነሣውም አልፈቀደችም።

በሐምሌ መንፈቁን እንዳወጣን ሰቆጣ የሚኖሩት አክስቷ ቃል ላኩብን። መልእክቱም «ፍልሰታን እዚህ ጹሙ፤ ሻደይን አይታችሁ ትመለሳላችሁ» የሚል ብቻ ነበር። ሻደይ የልጃገረዶች ጨዋታ መሆኑን በወሬ እናውቅ ስለ ነበር ልጅ የቀበረችን እናት ወደዚያ መጥራት አልገባንም፤ እውነቱን ለመናገር ቅርም አሰኝቶን ነበር። የልጆቻችን እናት ግን መልእክቱን ሰምታ ጥቂት ዝም አለችና «እንሂድ» አለች። በስድስት ወር ውስጥ ራሷ የወደደችውን ነገር ስትናገር ስንሰማ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

መንገዱ ደሴንና ወልድያን አልፎ በቆቦ ሜዳ በኩል አላማጣ ይደርሳል። ከአላማጣ በላይ ግራት ካሕሱ የሚባለው ጠመዝማዛ ዳገት አለ፤ አውቶቡሱ እየተጥመለመለ ሲወጣ የራያ ሜዳ ከእግር በታች እንደ ሰሌን ተዘርግቶ ይታያል። ዳገቱ ሲያልቅ ኮረም ነው። ኮረምን በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ያለ ኀዘን አይጠራትም። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ከዋግና ከአካባቢው የተነሣ ሕዝብ በዚያች ሜዳ ላይ ወድቆ ነበር፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለምን ያስለቀሰው ሥዕልም ከኮረም የተነሣ ነበር። አክስታችንም በዚያ ጊዜ ከሰቆጣ በእግራቸው መጥተው ሁለት ልጆቻቸውን እዚያ ቀብረዋል። ይህንንም እናውቅ ነበር፤ ነገር ግን በመስኮት ያንን ሜዳ እስክናይ ድረስ፣ የጠሩን ሴት ምን ዓይነት ሴት እንደ ሆኑ በልባችን አላሰብንም ነበር።

ከኮረም ወደ ምዕራብ ሲታጠፍ የዋግ አገር ይጀምራል። አገሩ ድንጋያማ፣ ተራራውም ሸንተረር በሸንተረር የተቆራረጠ ሆኖ ወደ ተከዜ በረሃ እየዘቀዘቀ ይወርዳል። በበጋ ላየው ሰው ምድሩ አመድ የለበሰ ይመስላል። በነሐሴ ግን ዐሠርቱ ትእዛዛት የተጻፈባቸው ጽላት የሚመስሉት ድንጋዮች ሁሉ በመካከላቸው ሣር ያበቅላሉ፤ የጤፉና የማሽላው ቡቃያ በእርከኑ ላይ ይታያል፤ ንቡም ከአበባ ወደ አበባ ሲመላለስ ይውላል። የዋግ ማር ስሙ የተጠራ ነው። ዝናብ በዚያ አገር የሚታመን አይደለም፤ በ2007 ዓ.ም. ክረምት ጠፍቶ በተከታዩ ዓመት ብርቱ ችግር አምጥቶ ነበርና፣ እኛ በሄድንበት ጊዜ ሰው ሁሉ ለምለሙን የሚያየው እንደ እንግዳ ነው።

ሰቆጣ የዋግ ሹሞች መናገሻ ነበረች። ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት ዋግ ሹም ጎበዜ የዚሁ ቤት ልጅ መሆናቸውን ከታሪክ ትምህርት የምናስታውሰው ነው። የአገሬው ቋንቋ ኽምጣና ነው፤ የአገው ወገን የሆነ ልሳን ሲሆን ከአማርኛው ጋር ጎን ለጎን በገበያውም በቤቱም ይነገራል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ ያወጣው እቅድ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ከተባለ ወዲህ የከተማይቱ ስም በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ይነበባል። እኛን ያመጣን ጉዳይ ግን ሌላ ነውና ወደዚያው እንመለስ።

ፍልሰታ ከመግባቱ አስቀድሞ አክስታችን ወደ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ወሰዱን። ይህ ቤተ ክርስቲያን ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ከዓለት የተፈለፈለ ነው። በውስጡም የጥንት ዋግ ሹሞች ናቸው የሚባሉ የደረቁ አስከሬኖች በሣጥን ሆነው ይገኛሉ። በእውነቱ ኀዘንተኛ የሚወሰድበት ቦታ አልመሰለንም ነበር። የልጆቻችን እናት ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ብዙ ጊዜ ቆማ ተመለከተችና ቄሱን «አባታችን፣ ለእነዚህ አሁን የሚያለቅስ አለ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም «ለቅሶው አልቋል፤ ጸሎቱ ነው ያላለቀው» አሏት። ወደ ቤት ስንመለስ በመንገድ ላይ ይህንኑ ቃል ሁለት ጊዜ ስትደግመው ሰማናት።

ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ እንደ አገሩ ሰው ጾሙን ያዝን። ሌሊት ሰዓታቱ፣ ቀን ውዳሴ ማርያም ትርጓሜውና ቅዳሴው ነበር፤ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ጾመው ሲቆርቡ አየን። የፍልሰታን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ሰንበት ትምህርት ቤትም አስተምረነዋል። እመቤታችን በጥር 21 ቀን ማረፏን፣ ሥጋዋ በገነት በዕፀ ሕይወት ሥር መቀመጡን፣ ሐዋርያትም በነሐሴ መባቻ ሱባኤ ገብተው በ14ኛው ቀን ሥጋዋን ተቀብለው በጌቴሴማኒ መቅበራቸውን፣ በሦስተኛውም ቀን መነሣቷን፣ በደመና ሲመጣ ያገኛት ቶማስም ሰበኗን ተቀብሎ ለወንድሞቹ ማሳየቱን በቃላችን እናውቀዋለን። ወሩን ግን ቆጥረነው አናውቅም ነበር። ሐዋርያት ያዘኑት ከጥር እስከ ነሐሴ ነው፤ ያውም ቀብረው ባልጨረሱት ሟች። እኛም ከጥር ተነሥተን ነሐሴ ላይ ደርሰናል። በዚያ ሌሊት በማኅሌቱ ውስጥ መቋሚያችንን ተደግፈን ቆመን ይህን ስናስብ፣ ሐዋርያትን ከሥዕል ወርደው ከጎናችን እንደ ቆሙ ሰዎች አየናቸው።

ነሐሴ 15 ቀን ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ልጃገረዶች ማጭድና ገመድ ይዘው ወደ ወንዙ ዳር ወረዱ። ሻደይ የሚባለው ሣር ረጅም፣ ቅጠሉ ለስላሳ፣ ውሃ ባለበት ስፍራ የሚበቅል ነው፤ ስሙም ለምለም ማለት እንደ ሆነ የአገሩ ሰዎች ነገሩን። ልጃገረዶቹ ሣሩን ያጭዱና ጭብጥ ጭብጡን በገመድ ላይ አጠጋግተው ያስሩታል፤ ያንን በወገባቸው ሲታጠቁት ከቀሚሱ በላይ እስከ ጉልበታቸው ወርዶ፣ ሲራመዱ ወዲያና ወዲህ ይዘናፈላል። ጠጉራቸውን ተሠርተው፣ ዐይናቸውን ተኩለው፣ ድሪና መስቀል አድርገው ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ እስከ 21 ቀን ድረስ አስቀድመው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም ከቤት ወደ ቤት ከበሮ እየመቱ ይጫወታሉ። ይኸው በዓል በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል።

ስለ ሣሩ ምክንያት ሊቃውንቱን ብንጠይቅ ከአንድ በላይ ትርጓሜ ሰጡን። አንደኛው ርግብ ለኖኅ ያመጣችው ለምለም ቅጠል ምሳሌ ነው የሚል ነው፤ ሁለተኛው የእመቤታችንን ፍልሰት መላእክት በዝማሬ ያጀቡበት መታሰቢያ ነው የሚል ነው። ሦስተኛው በመጽሐፈ መሳፍንት በ11ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የዮፍታሔን ልጅ የሚያስታውስ ነው። ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ጥቂት እንድንቆይ አንባቢ ይፍቀድልን። እኛ ይህን ምዕራፍ ባስተማርንበት ጊዜ ሁሉ ያስተማርነው ስለ አባትየው ነበር፤ ሳያስቡ መሳል እንደማይገባ። ልጂቱ የለመነችውን ግን አንድም ቀን አላስተዋልንም። ሞቷ ከተነገራት በኋላ የለመነችው እንዲቀርላት አይደለም፤ ሁለት ወር ቀን፣ የምትወጣበት ተራራ፣ አብረዋት የሚያለቅሱ ባልንጀሮቿን ነው። ከሞተችም በኋላ የእስራኤል ልጃገረዶች በየዓመቱ አራት ቀን ወጥተው ሙሾ ያወርዱላት ጀመር። እንግዲህ ኀዘን ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ይህን ሁሉም ይናገራል። ቦታና ባልንጀራ፣ ከዚያም በላይ የሚያዜመው ዜማ እንደሚያስፈልገው ግን እኛ በዚህ ሁሉ ትምህርታችን ከሰቆጣ ሴቶች በኋላ ነው የተማርነው።

በዚያው ምሽት ሆነ። ከአክስታችን ግቢ አጠገብ አያቷ የሚያሳድጓት አንዲት የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች፤ እናቷ ባለፈው ዓመት በወሊድ ሞታባታለች። ባልንጀሮቿ ሁሉ ጠጉራቸውን ሲሠሩ እርሷ በአጥር ሥር ተቀምጣ ከሣሩ አንዱን ዘለላ ትገምሳለች። አያቷ ዐይናቸው ደክሟል። አክስታችን ልጂቱን እጇን ይዘው አምጥተው በልጆቻችን እናት ጉልበት መካከል አስቀመጧትና፣ ቅቤውን በቅል አቅርበው፣ «ልጄ፣ ይህችን ሥሪልኝ» ብለው ወደ ማጀት ገቡ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

የልጆቻችን እናት እጇ በልጂቱ ራስ ላይ ሆኖ ለብዙ ጊዜ ሳይነቃነቅ ቆየ። ከዚያም በጣቷ መሥመር አወጣች፤ አንዱን ጉንጉን ሠራች፤ ሁለተኛውን ጀመረች። በሦስተኛው ላይ እንባዋ መጣ። ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ እጇ ግን ሥራውን አልተወም። ልጂቱም ዞራ አላየቻትም፤ ራሷን ብቻ ወደ ኋላ ወደ ጉልበቷ አስጠጋች። እኛ ከደጃፉ ላይ ነበርንና ለመግባት አንድ እግር አንሥተን ነበር፤ አክስታችን ከማጀት ሆነው በእጃቸው «ተዋቸው» አሉን።

በማግሥቱ ልጃገረዶቹ ወደ አክስታችን ግቢ መጡ። የሻደይ ጨዋታ ያለ አስቀድሞ ዝግጅት የሚፈስ ነገር አለበት፤ አንዲቱ እየመራች የቤቱን ባለቤት ታወድሳለች፤ ስጦታ የቆጠበውን ትወቅሳለች፤ የተቀሩት ይቀበሏታል። ግጥሟን ከፊቷ ካለው ሰው መልክ አይታ እዚያው ትገጥመዋለች፤ ቅኔ ዘራፊ ከማኅሌት መካከል ቆሞ እንደሚዘርፈው ማለት ነው። ያን ጊዜ መሪዋ የልጆቻችንን እናት በጥቁር ልብስ ሆና ከግድግዳው ጥግ ቆማ አየቻት። በከበሮዋ ላይ እጇን አሳረፈችና አክስታችንን በጆሯቸው ጠየቀቻቸው። ከዚያም ከበሮውን ቀስ አድርጋ እየመታች በኽምጣና ጀመረች፤ የተቀሩትም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉ። ከዜማው መካከል የልጃችን ስም ሲጠራ ሰማን። አክስታችን ትርጓሜውን ነገሩን፤ «ዛሬ ካጨድነው አንድ እስር ሣር ተርፎናል፤ የማን ነው? ባለቤቷስ ወዴት ሄደች? ስሟን የሚያውቅ ይጥራልን» ትላለች አሉን። የልጆቻችን እናት ስሟን ጠራችው። ከጥር ወዲህ ከአፏ ስንሰማው የመጀመሪያው ነበር። መሪዋም ከራሷ ወገብ አንዱን እስር ፈታ ሰጠቻት፤ ጠጉሯን የተሠራችው ልጅም በመካከላቸው ሣሯን ታጥቃ ስትዘል ነበረች። ከዚያም ከበሮው እንደ ቀድሞው ፈጠነ፤ ስጦታቸውን ተቀብለው ወደ ሚቀጥለው ቤት ሄዱ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በዚያው ዕለት ከአንድ ሆቴል ደጃፍ በድምፅ ማጉያ የተለቀቀ የሻደይ ዘፈን የልጃገረዶቹን ከበሮ ውጦት ነበር። ዘፈኑ ጥሩ ዘፈን ነው፤ የዘፈነችውም ድምፀ መልካም ናት። የተቀዳ ዘፈን ግን ከፊቱ የቆመው ሰው ጥቁር ይልበስ ነጭ ይልበስ አያይም። በዓሉ ወደ ውጭ አገር ጭምር ስሙ እየወጣ ሲሄድ ደስ ቢለንም፣ በመድረክ ላይ የተሰለፉት ልጃገረዶች የሰዉን ቤት ደጃፍ እንዳይረሱት እንሰጋለን።

ቤተ ክርስቲያን ፊት መንጨትን፣ ደረት መድቃትን፣ ተስፋ እንደሌላቸው መሆንን ስትከለክል ኖራለች፤ መከልከሏም ተገቢ ነው። እንባን ግን አልከለከለችም፤ ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። እኛ የመምህርነት ነገር ሆኖብን የመጀመሪያውን አጥብቀን ስናስተምር፣ ሁለተኛውን ለገዛ ቤታችን ሳንነግር ቀርተናል። የልጆቻችን እናት ስድስት ወር ሙሉ እንባዋን የያዘችው ባሏ ዲያቆን ስለ ሆነ፣ ማልቀሷ እምነት ማጣት መስሎ እንዳይታይባት ፈርታ እንደ ነበር የነገረችን በዚያ ሰሞን ነው። ይህን ስንሰማ የምንገባበት ጠፋን።

እኛስ? በቅኔ ቤት ሳለን መምህራችን ከሰዓት በኋላ ወደ ዱር ይሰዱን ነበር። ተማሪው ለየራሱ አንድ ዛፍ፣ አንድ ቋጥኝ ይይዝና ነጠላውን ተከናንቦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ሲመሽ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል። ቃል በጠበበን ጊዜ ቅጠሉን፣ ጉንዳኑን፣ የሚያልፈውን ውሃ እንድናይ ይመክሩን ነበር፤ ሰሙ ከዚያ ይገኛልና። የቅዱስ ያሬድም ታሪክ እንዲሁ አይደለምን? ትምህርት አልገባው ብሎ ሲሸሽ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ወደ ላይ እየወጣ የሚወድቀውን ትል ባያይ ኖሮ አይመለስም ነበር። እኛም ነሐሴ 18 ቀን እንደ ጥንቱ ነጠላችንን ተከናንበን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ካለው ወይራ ሥር ተቀመጥን። ከሸለቆው የከበሮው ድምፅ ይመጣል። ከሁሉ የምታንሰውን ጉባኤ ቃናን አሰብን፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት። ለሰሙ የሻደይን ሣር ያዝን፤ በጥዋት ታጭዶ በማታ በወገብ ላይ የሚጠወልገውን። የመጀመሪያው ቤት መጣልን። ዜማውን ዕዝል አድርገን በልባችን አልነው፤ እንባችንም ያን ጊዜ ወረደ። ሁለተኛው ቤት ግን ሳይመጣ መሸ። ስንመለስ አክስታችን በደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኙንና «ምን አገኘህ ልጄ?» አሉን፤ «እኩሌታውን» አልናቸው። «የእኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ገና እኩሌታው ላይ ነኝ» ብለው ወንበር አቀረቡልን። ከኮረም ጀምሮ ቆጥረው ነው።

ደብረ ብርሃን በተመለስን ጊዜ የልጆቻችን እናት ማበጠሪያውን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አነሣችው። አላስቀመጠችውም፤ ለሥራ አዋለችው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ነሐሴ 15 ቀን የጎረቤት ልጃገረዶችን ሰብስባ ጠጉራቸውን ትሠራለች፤ በእኛ ሰፈር ሻደይ ባይኖርም። የሣሩ እስር በውዳሴ ማርያማችን መካከል ደርቆ ይገኛል።

አክስታችን በ2012 ዓ.ም. ዐረፉ። በተከታዩ ዓመት፣ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ፣ የሰሜኑ ጦርነት ዋግ ደረሰ፤ ልክ በሻደይ ወር። ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ። ጦርነቱ በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ ስምምነት እስኪፈረምበት ድረስ ያች አገር ደጋግማ ተጎድታለች። ስልክ ተዘግቶ ስለ ነበር በወራት ውስጥ ከሰቆጣ አንድም ቃል አልሰማንም። በ2014 ዓ.ም. መስመሩ በተከፈተ ጊዜ አስቀድማ የደወለችልን ያቺ ጠጉሯን የተሠራችው ልጅ ነበረች። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። አያቷም እርሷም በሕይወት መትረፋቸውን ከነገረችን በኋላ፣ የልጆቻችን እናት ስለ ሻደይ ጠየቀቻት። በዚያ ዓመት ከሰፈራቸው ማንም እንዳልወጣ፣ ሣሩ ግን በወንዙ ዳር ከወትሮው በልጦ አድጎ፣ የሚያጭደው አጥቶ እንደ ቆመ መድረቁን ነገረችን።

የልጆቻችን እናት ስልኩን ጆሯዋ ላይ እንደ ያዘች ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም «ጠጉርሽን ማን ይሠራሻል?» ብላ ጠየቀቻት።